በሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል

በእንግሊዝኛ የተጻፈ የተማሪ ድርሰት ሲደርሰኝ ዓይኔ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደየዓረፍተ ነገሩ መነሻ ነው። እዚያ «ሞርኦቨር»፣ «ፈርዘርሞር»፣ «ኢን አዲሽን»፣ «ዘርፎር» የሚሉ አያያዥ ቃላት ተሰልፈው ካገኘሁ ጸሐፊው ትጉህ እንደሆነ አውቃለሁ። ዝርዝሩን አጥንቷል። በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ «ለመጨመር»፣ «ለማነጻጸር»፣ «ለማጠቃለል» እየተባለ በሠንጠረዥ የተከፋፈለውን ሁሉ በቃሉ ይዟል። ወደ ሐሳቡ ስገባ ግን ብዙ ጊዜ አዝናለሁ። ቃላቱ አገናኘናቸው የሚሏቸው ሐሳቦች አልተገናኙም።

እንግሊዝኛ ማስተማር ሥራዬ ነው። ቀን የዩኒቨርሲቲ ጀማሪ ተማሪዎችን፣ ማታ ደግሞ አይኤልትስና ቶፍል ለሚባሉት የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናዎች የሚዘጋጁ፣ አብዛኞቹ ሥራ ውለው የሚመጡ ሰዎችን አስተምራለሁ። ስለ አያያዥ ቃላት ይህን ያህል ልጽፍ መነሣቴ ለአንዳንዱ ሰው ይገርመው ይሆናል። ለእኔ ግን የመጻፍ ትምህርት ዋና ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ቃልም ሰዋስውም በጊዜ ይሞላሉ፤ አንድን ሐሳብ ከሌላው ጋር ምን እንዳገናኘው መናገር ግን ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል፣ ይህንን ደግሞ ሠንጠረዥ አያስተምርም።

ምሳሌ ላቅርብ። የማንም ተማሪ ድርሰት አይደለም፤ የብዙዎቹን መልክ ይዤ እኔው የጻፍኩት ነው። አያያዦቹን በእንግሊዝኛው ትቼ ቀሪውን በአማርኛ አድርጌዋለሁ።

«ኢንተርኔት ለትምህርት ጠቃሚ ነው። ሞርኦቨር ብዙ ወጣቶች ይጠቀሙበታል። ፈርዘርሞር የአገልግሎቱ ዋጋ ውድ ነው። ዘርፎር መንግሥት ለጉዳዩ ትኩረት ሊሰጥ ይገባል።»

ሰዋስው ላይ እንከን የለም። አራቱም ዓረፍተ ነገሮች ለየብቻቸው ያስኬዳሉ። ችግሩ ያለው መካከላቸው ላይ ነው። «ሞርኦቨር» የተጀመረን ክርክር በዚያው አቅጣጫ የሚያጠናክር ቃል ነው፤ «ይህ ባይበቃችሁ ከዚህ የበረታ ማስረጃ አለኝ» እንደማለት ነው። ወጣቶች ኢንተርኔት መጠቀማቸው ግን ኢንተርኔት ለትምህርት መጥቀሙን አያጠናክርም፤ ኳስ እያዩበት ሊሆን ይችላል። «ፈርዘርሞር» ደግሞ መጨመሩን ይቀጥላል። የዋጋው ውድነት ከጥቅሙ ጎን በአንድ ረድፍ የሚቆም ነገር አይደለም፤ ጥቅሙን የሚያሰናክል ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ መታጠፍ ሲገባው ቀጥ ብሎ ሄደ። በመጨረሻ «ዘርፎር» መጣ። ከምን ተነሥቶ? ከጥቅሙ? ከወጣቶቹ ብዛት? ከዋጋው? የተነገረን ነገር የለም። በነገራችን ላይ ይህ ዓይነቱ «ዘርፎር» በአማርኛም ዘመድ አለው። ሁለት አንቀጽ ስለ ሌላ ነገር ካወራ በኋላ «ስለሆነም» ብሎ ትእዛዙን የሚያወርደውን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያላነበበ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ይህን አንቀጽ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሦስቱን አያያዦች እደመስሳቸዋለሁ፤ ከዚያም ምን እንደጎደለ እጠይቃለሁ። ክፍሉ ጥቂት ዝም ይልና «ምንም» ይላል። ትክክል ናቸው። ሲወጣ ምንም ያላጎደለ ቃል ሲገባም ምንም አላመጣም ነበር።

አሁን ደግሞ ተማሪው ሊል የፈለገውን እየጠየቅን እናውጣው። ለማን ነው የሚጠቅመው? ውድ የሆነውስ ለማን ነው? ብዙውን ጊዜ መልሱ እንዲህ ይሆናል፦ «ቤተ መጻሕፍት በሌለበት ከተማ ለሚማር ልጅ፣ ያለው ቤተ መጻሕፍት ኢንተርኔት ነው። ይህ ልጅ ግን የአንድ ሰዓት ትምህርት በቪዲዮ ለማየት የሚከፍለው ገንዘብ የለውም። የመማሪያ ድረ ገጾች ያለ ክፍያ ቢከፈቱለት የሚያነበው አያጣም።» በእንግሊዝኛው ሲጻፍ ይህ አንቀጽ የሚያስፈልገው አያያዥ አንድ «በት» (ግን) ብቻ ነው። የቀረውን ማሰሪያ የሠራው «ይህ ልጅ» የሚለው ሐረግ ነው፤ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ልጁን ይዞ ወደ ሁለተኛው ያሻግረዋል። ሦስተኛው ውስጥም ያው ልጅ «ለት» በምትለው ትንሽ ቅጥያ ተጠቅልሎ ይገኛል።

ማይክል ሃሊደይና ሩቃያ ሐሰን እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሚያያዝባቸውን መንገዶች አምስት አድርገው ከፍለዋል። አንደኛው ቀደም ሲል ወደተጠቀሰው ነገር በተውላጠ ስም ወይም «ይህ» እና «ያ» በመሳሰሉት ማመልከት ነው። ሌሎቹ፣ የተባለውን በሌላ ቃል መተካት፣ ከዐውዱ የሚታወቀውን ሳይደግሙ መተው፣ እንዲሁም ቃሉን ራሱን ወይም የቅርብ ዘመዱን መድገም ናቸው። እኛ በሠንጠረዥ የምናስጠናቸው አያያዥ ቃላት ከአምስቱ አንዱ ብቻ ናቸው። ከአንድ ቤት አምስት ምሰሶ አንዱ ብቻ ጣሪያውን ሁሉ እንዲሸከም ስናደርግ የምናገኘው ያንን የኢንተርኔት አንቀጽ ነው።

ተማሪዎች ይህን የሚያምኑት በማስረጃ ስለሆነ የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት የአብርሃም ሊንከንን የጌቲስበርግ ንግግር አስነብባቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 19 ቀን 1863፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ የወደቁ ወታደሮች መካነ መቃብር ሲመረቅ የተነገረ ነው፤ በ272 ቃላት ገደማ፣ በአሥር ዓረፍተ ነገሮች ያልቃል። «ሞርኦቨር» የለበትም። «ሃውኤቨር» የለበትም፤ «ዘርፎር»ም የለበትም። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ከ87 ዓመት በፊት ወደነበረው የአገሪቱ ምሥረታ ይወስደናል። ሁለተኛው «ናው» ብሎ ይጀምርና ወደ ጦርነቱ ይመልሰናል። ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ታዳሚው የመጣው መካነ መቃብሩን ለመቀደስ መሆኑንና ይህም ተገቢ መሆኑን ከተናገረ በኋላ፣ አዲስ አንቀጽ በ«በት» ይከፍታል፦ በሰፊው ትርጉሙ ካየነው ግን ይህን መሬት እኛ ልንቀድሰው አንችልም፤ እዚህ የተዋጉት ቀድሰውታል። መላው ንግግር የሚታጠፈው በዚህች በአንድ ቃል ነው። ቀጥሎ «ራዘር» ትመጣለች፦ ይልቁንስ መሰጠት ያለብን እኛ በሕይወት ያለነው ነን። የቀረውን ያሰረው ድግግሞሽ ነው። «ኔሽን» (አገር) አምስት ጊዜ፣ «ዴዲኬት» (መስጠት፣ መቀደስ) ከነእርባታው ስድስት ጊዜ፣ «ሂር» (እዚህ) ስምንት ጊዜ ይመላለሳሉ። «ዴዲኬት» በመጀመሪያ አገሪቱ የቆመችለትን እምነት፣ ከዚያ የመቃብሩን መቀደስ፣ በመጨረሻ የሕያዋኑን ግዴታ ይይዛል፤ ቃሉ አንድ ሆኖ ሐሳቡ እየገፋ ይሄዳል። ትምህርት ቤት «ዓረፍተ ነገር በበት አይጀመርም» ተብለው ላደጉ ልጆች ይህን ማየት ትልቅ ነጻነት ነው።

ታዲያ ልጆቻችን ለምን ይከምሩታል? እነርሱን ለመውቀስ አልችልም። እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ፣ በአንዳንድ ክልሎች ከዚያም ቀደም ብሎ፣ የአብዛኛው ትምህርት ማስተማሪያ ይሆናል። አንድ ልጅ ምክንያትና ውጤትን በእንግሊዝኛ የሚያገኘው በባዮሎጂና በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ፣ ሌላ ሰው አያይዞ በጻፈው አንቀጽ ነው። አንቀጹን ሙሉውን ይሸመድዳል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የምርጫ ጥያቄ ስለሆነ የራሱን ሁለት ሐሳብ አያይዞ አንድ ገጽ ሳይጽፍ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ይችላል። ስለ አያያዥ ቃላት ቢጠየቅ እንኳ የሚጠየቀው በባዶ ቦታ ላይ ከአራት ቃላት አንዱን መርጦ እንዲያስገባ ነው፤ ሁለቱ ሐሳቦች በፈተና አውጪው ተያይዘው ያለቁ ናቸው።

የአይኤልትስ ወሬ ደግሞ ነገሩን አብሶታል። ሁለተኛው የጽሑፍ ጥያቄ በ40 ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ 250 ቃላት ያስጽፋል። ከሚታረምባቸው አራት መለኪያዎች አንዱ የሐሳብ ፍሰትና ትስስር ነው፤ ክብደቱም ከሦስቱ እኩል ነው። ይህ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ «አያያዥ ቃል ባበዛህ ቁጥር ነጥብህ ይጨምራል» ወደሚል ምክር ተቀየረ። ለሕዝብ ክፍት የሆነው የአራሚዎች መመሪያ የሚለው ተቃራኒውን ነው። አያያዦችን ማብዛት በአምስተኛው ደረጃ ላይ እንደ ጉድለት ተጠቅሷል፤ ስድስተኛው ደረጃ ላይ ትስስሩ ጉድለት ያለበት ወይም ልክ በማሽን የተገጠመ ሊመስል እንደሚችል ተጽፏል። ዘጠነኛው፣ ማለትም ከፍተኛው ደረጃ የሚሰጠው ግን ትስስሩ የአንባቢን ትኩረት እምብዛም ለማይስብ ጽሑፍ ነው። ከሥራ ወጥቶ፣ በሰልፍ ታክሲ ይዞ፣ ማታ ክፍል ለሚመጣ ሰው ይህን መመሪያ ሳያሳዩ ሠላሳ አያያዥ ቃል ማስሸምደድ በደል ነው እላለሁ። ለፈተናው የከፈለው ገንዘብ ቀላል አይደለም።

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነም ማወቅ ያጽናናል። እ.ኤ.አ. በ1996 ሲልቪያን ግራንጀርና ስቴፋኒ ታይሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ የጻፏቸውን ድርሰቶች አፍ መፍቻቸው እንግሊዝኛ ከሆነ ተማሪዎች ድርሰት ጋር አነጻጽረው ነበር። የጠበቁት ተማሪዎቹ በጠቅላላው አያያዥ እንደሚያበዙ ነው። ያገኙት ከዚያ የጠለቀ ነገር ነው። ጠቅላላ ቁጥሩ አልበዛም፤ የበዙት የሚጨምሩት፣ ምሳሌ የሚሰጡትና የተባለውን የሚያጸኑት ናቸው። ያነሱት ደግሞ ሐሳብን የሚያጥፉትና ክርክርን ወደፊት የሚያራምዱት፣ እንደ «ሃውኤቨር» እና «ዘርፎር» ያሉት ናቸው። ይህን ባነበብኩ ጊዜ የተማሪዎቼ ድርሰት ፊቴ ተደቀነ። የእኔዎቹ «ዘርፎር»ን አይቆጥቡም፤ ይህን ያህል ልዩነት አለ። መታጠፍ ላይ ግን ያው ናቸው። መጨመር ቀላል ነው፤ የሚቀጥለው ነገር ምንም ይሁን ምን ይደመራል። ለመታጠፍ ግን ቀደም ሲል ያልኩት ነገር የት ላይ እንደማይሠራ አምኜ መቀበል አለብኝ። «ስለዚህ» ለማለትም አንዱ ከሌላው እንዴት እንደወጣ ማሳየት አለብኝ።

ደግሞም ከባዶ የምንነሣ ሰዎች አይደለንም። በቅኔ ቤት የግዕዝ ሰዋስው ሲሰጥ «አገባብ» የሚባል ራሱን የቻለ ትምህርት አለ፤ ዐቢይ፣ ንዑስና ደቂቅ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። «እስመ»ን የመሰሉት፣ ምክንያትን ከነገሩ ጋር የሚያስሩት፣ የሚመደቡት ከዐቢዩ ነው። መምህራኑ እነዚህን ቃላት ዐቢይ ማለታቸው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ዛሬ በእንግሊዝኛ ክፍል የጽሑፍ ማስጌጫ አድርገን የምንሰጠውን ነገር እነርሱ የትምህርቱ ትልቅ ክፍል አድርገውት ነበር።

አማርኛችንም የራሱ አያያዝ አለው። ተማሪ በእንግሊዝኛ የሚቸገርበትን ቦታ የማገኘው ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ነው። ቦዝ አንቀጽን፣ ማለትም ዓረፍተ ነገርን ብቻውን የማይዘጋውን የግስ ቅርጽ፣ እንውሰድ። «በልቶ ተኛ» ስንል የምንናገረው ቅደም ተከተልን ነው። «ደክሞት ተኛ» ስንል ግን ምክንያት ነው። «ተሸፋፍኖ ተኛ» ስንል ደግሞ የተኛበትን ሁኔታ ነው። ቅርጹ በሦስቱም አንድ ነው፤ ግንኙነቱን የሚለየው አንባቢው ነው፣ ሳይቸገርም ይለየዋል። ድንቅ ቁጥብነት ነው። እንግሊዝኛ ግን ብዙውን ጊዜ ጸሐፊው ራሱ እንዲወስን ያስገድዳል፤ «አፍተር» ነው ወይስ «ቢኮዝ»? ተማሪው በአማርኛ ሲያስብ ያልወሰነውን ነገር በእንግሊዝኛ ሲጽፍ እንዲወስን ይጠየቃል። ሲጨንቀው ሁሉንም በ«ኤንድ» ያስረዋል፤ ወይም ከሠንጠረዡ ደስ ያለውን ያነሣል። ይህን አንድ ጊዜ ካሳየኋቸው በኋላ ብዙዎቹ በራሳቸው ጊዜ የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር እየጻፉ «ይህች ቦዝ አንቀጽ ምክንያት ናት ወይስ ጊዜ?» ብለው መጠየቅ ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝኛው ቃል ራሱ ይመጣል።

ሌላው የቦታ ጉዳይ ነው። አማርኛ «ስለዘነበ»፣ «ቢዘንብም»፣ «ሲዘንብ» እያለ ማያያዣውን ከግሱ ጋር ያጣብቀዋል፤ ግሱ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። እንግሊዝኛ ከበሩ ላይ ያውጃል፤ «ኦልዞው» (ምንም እንኳ) ብሎ ሲጀምር አንባቢው መታጠፊያ እንደሚመጣ አውቆ ይጠብቃል። በዚያ ላይ አማርኛ መደራረብን አይጠላም። «ምንም እንኳ ዝናቡ ቢበረታም እርሱ ግን መጣ» የሚለው ለጆሮ የተስተካከለ ነው፤ ቅራኔው ግን በ«ምንም እንኳ»፣ በ«ቢበረታም» እና በ«ግን» ሦስት ጊዜ ተነግሯል። በእንግሊዝኛ «ኦልዞው» ካሉ በኋላ «በት» ብሎ መድገም ስሕተት ነው። ይህን ስሕተት በቀይ እስክሪብቶ ብቻ መሰረዝ ምንም አይጠቅምም። ልጁ የተሳሳተው ግድ የለሽ ስለሆነ አይደለም፤ ያሳሳተው የገዛ ቋንቋው ሥርዓት ነው፣ ሥርዓቱን ካሳዩት ደግሞ ሁለተኛ አይደግመውም።

«ሃውኤቨር» ላይ ጥቂት ልጨምርና ልለፍ። ትርጉሙ ከ«በት» ጋር ቢቀራረብም በሰዋስው ተውሳከ ግስ ስለሆነ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን በነጠላ ሰረዝ ብቻ ማያያዝ አይችልም። ከፊቱ አራት ነጥባችንን ወይም ድርብ ሰረዛችንን የሚመስል ሥርዓተ ነጥብ ይፈልጋል። በምትኩ ከ«በት» የሚበልጥበት አንድ ነገር አለው፤ መነሻ ላይ መቆም የለበትም። ከባለቤቱ ቀጥሎ በሁለት ነጠላ ሰረዞች መካከል ሲገባ፣ ከፊቱ የቆመውን ቃል አጉልቶ ያወጣዋል። «ነጋዴዎቹ፣ ሃውኤቨር፣ አልተስማሙም» ሲል ሌሎቹ ተስማምተዋል፣ እነዚህ ግን አልተስማሙም የሚል ስሜት ይሰጣል። በአማርኛ «ነጋዴዎቹ ግን» ስንል «ግን» የምትቆመው እዚያው ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ተማሪዎቼ ይህን ከጠበቅኩት በፍጥነት ይይዙታል።

ሠንጠረዡን ትቼ አሁን የማስተምርበት መንገድ ሁለት ባዶ ዓረፍተ ነገሮችን መስጠት ነው። በአማርኛ እሰጣቸዋለሁ፤ ከተከራከሩበት በኋላ ወደ እንግሊዝኛ እንወስደዋለን። ብዙ ጊዜ የምጠቀመው ይህን ነው፦ «መንገዱ ተሠራ። ነጋዴዎቹ ሰፈሩን ለቀቁ።» ሁለቱም የታዩ ነገሮች ናቸው፤ ማንም አይክዳቸውም። ከዚያ እንዲያያይዟቸው እጠይቃለሁ። «መንገዱ ስለተሠራ ነጋዴዎቹ ለቀቁ» ያለ ሰው መንገዱን ተጠያቂ አድርጓል፤ ማስረጃ ሊጠየቅ ይገባዋል። «መንገዱ ቢሠራም ነጋዴዎቹ ለቀቁ» ያለው ደግሞ መንገድ ነጋዴን ያቆያል የሚል እምነት ይዞ ነው የመጣው፤ እምነቱን ሳይናገር በ«ቢ» ውስጥ ደብቆታል። «መንገዱ ከተሠራ በኋላ» ያለው ፍርድ መስጠት አልፈለገም፤ ምናልባት አያውቅም፣ ምናልባትም ፈርቷል። «መንገዱ እየተሠራ ሳለ» ያለው አቧራውንና የተዘጋውን መግቢያ አስቦ ነው። በአንድ ቃል ለውጥ ከአንድ ሰፈር አራት ታሪክ ይወጣል።

ክፍሉ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይሞቃል። በቅርቡ በማታው ክፍል ከኋላ ወንበር የነበሩ ሁለት ሰዎች «ቢኮዝ» እና «ኦልዞው» ላይ ተያያዙ። አንደኛው መንገድ ሲሠራ ሰው እንደሚፈናቀል፣ ሌላኛው መንገድ ገበያ እንደሚያመጣ ይከራከራሉ፤ በእንግሊዝኛ ጀምረው በአማርኛ ቀጠሉ። መሀል ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ሱቋን እንዲህ ባለ ሰፈር ተከራይታ የምትሠራ ሴት፣ እጇን አነሣች።

«መምህር፣ ሁለቱም ልክ አልመጡልኝም» አለች። «መንገዱ ሲሠራ ሰፈሩ ተወደደ፣ ባለቤቶቹ ኪራይ ጨመሩ፣ ነጋዴዎቹ መክፈል ሲያቅታቸው ለቀቁ። መሀል ላይ የኪራዩ ዓረፍተ ነገር ጎድሏል። እርሱ ሳይጻፍ ምን ቃል ቢገባ ነው የሚያያዘው?»

ሰሌዳው ላይ በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ቦታ ስላልነበረ ሁሉንም ደምስሼ እንደገና ጻፍኩት፤ ሦስተኛውን እርሷ እያስጻፈችኝ።